ያላነበብኩት ገጽ

ወላይታ ሶዶ
ኅዳር 12 ቀን 2005 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለትዕዛዝ፤ ኡፕሳላ፣ ስዊድን

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ደጅሽ ድረስ ይምጣ። እንደምን ከረምሽ? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የዳሞታ ተራራ እንደቆመ ነው፤ እኔም እንደቆምኩ ነኝ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ጥቁር ሰሌዳ ፊት። ዘንድሮ በአንድ ክፍል ሰባ አራት ተማሪ ደርሶኛል። ስለ ሴል መከፋፈል ሳስተምር የኋላ ወንበሮች ተከፋፍለው ያወራሉ።

እህትሽ፣ ባለቤቴ እታፈራሁ ካረፈች በዚህ ወር ሦስት ዓመት ሞላ። ከቤቴል ጋር ሄደን በመቃብሯ ዙሪያ የበቀለውን ሣር አጭደናል።

የምጽፍልሽም ስለ ቤቴል ነው። ልጃችን አሥራ ስድስት ዓመቷን ያዘች፤ በቁመት እናቷን አልፋለች። ነገር ግን ከክረምቱ ወዲህ እህል አልወርድላት ብሏል። የምትወደውን ቦይና፣ ያንን የጎደሬ ቅቅል፣ ከሚያቃጥለው ዳጣ ጋር ሳቀርብላት ሁለት ጎርሳ ትተወዋለች። ከትምህርት ቤት እንደመጣች ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። ከመዘምራንም ቀርታለች። አሥረኛ ክፍል ናት፣ ብሔራዊ ፈተና አለባት። ደም ማነስ ይመስለኛል፤ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝና ዓይኗን አይቼ ገምቻለሁ። እዚያ ጥሩ ቪታሚን አለ ይባላል፣ ብትልኪልን።

በስልክ ያልነገርኩሽ ቤታችን የጭቃ ግድግዳ ስለሆነ ነው። በአንዱ ክፍል የተወራ በሌላው ይሰማል። አንቺም በደብዳቤ መልሺልኝ፣ በትምህርት ቤቱ ፖስታ ሣጥን።

የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ሰላም ብለውሻል። እጅሽን የያዘ አምላክ አይልቀቅሽ።

ወንድምሽ ኤልሳዕ ጩማ


ኡፕሳላ
ታኅሣሥ 20 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለጋሼ ኤልሳዕ

ጤናዎን ከነቤትዎ እግዚአብሔር ይጠብቅልኝ። እኔ አለሁ። ይህ ወር ፀሐይ ገና ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ጓዟን ጠቅልላ የምትሄድበት ነው። የምንከባከባቸው አዛውንቶች «ያን ሁሉ ፀሐይ ለማን ትተሽ መጣሽ?» ይሉኛል።

ቪታሚኑን በጥቅል ልኬያለሁ። አስተማሪነትዎን ሳልንቅ ልናገር፤ «ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ» የሚለው ቦታ ስደርስ ቪታሚን አልታየኝም። ያንን የእናቷን አተኛኘት እርስዎም እኔም እናውቀዋለን።

ሐኪሞች ድባቴ ይሉታል። ስንፍና አይደለም፣ የእምነት መጉደልም አይደለም፤ እንደማንኛውም ሕመም ሐኪም ያየዋል። ሲስተር የማርያምወርቅ የምትባል የአእምሮ ጤና ነርስ አውቃለሁ። እዚህ ሆስፒታል ውስጥ ከወጣቶች ጋር ትሠራለች። እሷና ጥቂት ያገራችን ልጆች ሆነው አገር ቤት ላሉ ወጣቶች በኢንተርኔት የምክር አገልግሎት ይሰጣሉ። ልጅቱ በኢሜይል ትጽፋለች፣ ሲስተሯ በሁለት በሦስት ቀን ትመልሳለች። ክፍያ የለውም። ቤቴል አሥራ ስምንት ስላልሞላት ግን አንድ ትልቅ ሰው መፈረም አለበት። ከፈቀዱልኝ እኔ አክስቷ እፈርማለሁ።

አንድ ደንብ አላቸው። የጻፈችውን ለማንም አያሳዩም፣ ለእኔም ለእርስዎም። ሕይወቷን የሚያሰጋ ነገር ካዩ ብቻ ሆስፒታል እንድንወስዳት ይነግሩናል።

የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰው አይደለችም ብለው እንዳይሰጉ። ስሟ የማርያምወርቅ ቢሆንም ሥራዋን የምታውቅ ሰው ናት።

ቤቴልን ሳሙልኝ። ቤትዎ የሳቅ ቤት ይሁን።

ታናሽዎ ትዕዛዝ


ወላይታ ሶዶ
የካቲት 10 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለእህቴ ለትዕዛዝ

ባለሽበት ቸርነት ይክበብሽ። ፈቃዴን በስልክ እንደሰማሽ በመፈረምሽ አመሰግናለሁ። በኢንተርኔት ሰው ይድናል ብዬ አላመንኩም ነበር። በኋላ ግን ወንጌል በሬዲዮ ከገባ ምክርስ በሽቦ ቢገባ ምን አለበት ብዬ ተጽናናሁ።

ቤቴል ቅዳሜ ቅዳሜ የከተማችን መርካቶ አጠገብ ያለው የይመኙሻል ኢንተርኔት ቤት ትሄዳለች። ኮምፒውተሩ የአማርኛ ፊደል ስለሌለው አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የምትጽፈው። ልውውጡን አሳትማ ታመጣና ቤት ደጋግማ ታነበዋለች። የምታስቀምጠው መዝሙር ደብተሯ ውስጥ ነው።

ለውጡን ብታይ! ባለፈው ሳምንት ሻንቶ ገበያ አብራኝ ወርዳ አቮካዶ ስንገዛ ከነጋዴዋ ጋር ልክ እንደ እናቷ ተከራከረችልኝ። ነጋዴዋ «ይቺ ልጅ ታከስረኛለች» ስትል ቤቴል ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነው። ወደ መዘምራንም ተመልሳለች። ቪታሚኑ ነው አልልም፤ እሱም ሳያግዝ አልቀረም።

ምን እንደምትጻጻፍ አልጠየቅኳትም። አባት ነኝና መዝሙር ደብተሯን ባየሁ ቁጥር እጄን ይበላኛል፤ ግን እንደታገስኩ ነኝ።

ለሲስተሯ ምርቃቴን አድርሺልኝ። የዘራችው ይብቀልላት።

ኤልሳዕ


ኡፕሳላ
ሚያዝያ 14 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለጋሼ ኤልሳዕ

ሰላም ለቤትዎ ይሁን። ዛሬ ወሬ የለኝም፣ ጥያቄ ነው ያለኝ።

ሲስተር የማርያምወርቅ ትናንት ደወለችልኝ። ቤቴል መጻፍ ካቆመች አምስት ሳምንት አልፏል። የመጨረሻው መልእክቷ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ «ለማን ነው የነገራችሁት?» ይላል። ሲስተሯ ለማንም አልተናገረችም። ሁለት ጊዜ ጻፈችላት፣ መልስ የለም። ጨንቋት ነው ይህችን መስመር ብቻ ነግራ እኔን የጠየቀችኝ።

እኔ ደግሞ ልጅቱ ምን እንደጻፈች እንኳ አላውቅም፣ ምኑን እነግራለሁ? ቤት ስደውል ቤቴል ድምፄን ስትሰማ ስልኩን ለእርስዎ ትሰጣለች። እርስዎም ስለ ዝናቡ ነግረውኝ ይዘጋሉ።

ምን ተፈጠረ? ቶሎ ይጻፉልኝ።

ትዕዛዝ


ወላይታ ሶዶ
ሰኔ 4 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለተወደድሽው እህቴ ለትዕዛዝ

የሰማይ አምላክ በመግባትሽም በመውጣትሽም ይጠብቅሽ። መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታ አድርጊልኝ። የፈተና ወረቀት ማረም እንደ በልግ ዝናብ አላባራ ብሎኝ ነው። በቆሎው ዘንድሮ ያማረ ነው። በቆላው በቤሌ በኩል ግን ዝናቡ ዘግይቷል አሉ።

ቤቴል ብሔራዊ ፈተናዋን ተፈትናለች፤ ውጤቱን እግዚአብሔር ያውቃል። ስለ ጠየቅሽኝ ነገር፣ ኔትወርኩም አስቸጋሪ ነው፣ ልጆችም እንዲሁ ናቸው፤ ዛሬ የጀመሩትን ነገ ይተዉታል። ብዙ አታስቢ። ምእመናኑ ብቻችንን አልተዉንም። ሙዝና ዳቦ እየያዙ በየቀኑ ይመጣሉ፤ በላይዋ ላይ እጃቸውን ጭነው ይጸልዩላታል። እሷ ግን እንግዳ ሲመጣ ከክፍሏ አትወጣም።

ቢቻልሽ ለእሷ ስልክ ብትልኪላት ደስ ይላታል። ለእኔም አዲስ የባዮሎጂ ማጣቀሻ መጽሐፍ ብታገኚ። ቪታሚኑም አልቋል።

ቸር ያሰማን።

ኤልሳዕ


ኡፕሳላ
ሰኔ 28 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለጋሼ ኤልሳዕ

እንደምን ነዎት? እኔ ደህና አይደለሁም፤ ስለዚህ ደህና ነኝ ብዬ አልጀምርም።

ቪታሚን አሉኝ፣ ላክሁ። አሁን ስልክ ይላሉ፣ መጽሐፍ ይላሉ። እልካለሁ። ግን አንድ ጥያቄ ጠይቄዎት ስለ በቆሎ መለሱልኝ። ምእመናን በየቀኑ የሚመጡት ለምንድን ነው? ቤቴል መታመሟን ማን ነገራቸው? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል ሰምተው የለ?

የምቆጣው በእርስዎ ብቻ እንዳይመስልዎ። ለማንም ያልነገርኩት አለ። እህቴ እታፈራሁ ከመሞቷ ከአራት ወር በፊት ጽፋልኝ ነበር። ስለ ዶሮዎቿ ጻፈች፣ ስለ ቤቴል ቁመት ጻፈች፣ ከዚያ መጨረሻ ላይ «ትዕዛዝዬ፣ ደክሞኛል፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም» አለች። እኔ ምን አደረግሁ? መንገዱ አድክሟት ነው ብዬ ጫማ ላክሁላት። ጥቁር፣ ሶሉ ለስላሳ። ጫማው ሲደርስ እሷ ተኝታ ነበር።

ወባ ገደላት ተባለ፤ ውሸት አይደለም። ግን ክኒኑ ጤና ጣቢያ ነበር፣ መንገዱም የሃያ ደቂቃ ነው። ተነሥታ ለመሄድ ፍላጎቱ እንዳልነበራት እርስዎም ያውቃሉ። እኔ አንድ ጊዜ «ምን ሆነሽ ነው?» ብዬ ብጠይቃት ኖሮ እያልኩ ይኸው ሦስት ዓመት።

ለዚህ ነው የምለምንዎት። ለልጇም ጫማ አታስልኩኝ። እውነቱን ይጻፉልኝ።

ትዕዛዝ


ወላይታ ሶዶ
ሐምሌ 25 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለእህቴ ለትዕዛዝ

ሰላምታ ለመጻፍ አፈርኩ። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

የነገርኩት እኔ ነኝ።

መጋቢት መግቢያ ላይ ቤቴል ትምህርት ቤት እያለች መዝሙር ደብተሯን አነሣሁ። ለጉባኤው መዝሙር ልመርጥ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። ወረቀቱ ወደቀ። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ፊደል ስለሆነ በዓይኔ ብቻ ላነበው አልቻልኩም። እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ፊደሉን እየቆጠርኩ፣ ድምፄን እያሰማሁ ነበር የማነበው። «ጠ-ዋት... ባል-ነቃ... ደስ... ይለ-ኝ ነበር።» ቃሉ የልጄ ነው፤ ከአፌ የወጣው ግን በእኔ ድምፅ ነው። እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ከሥሩ የሲስተሯ መልስ ነበር፤ ይህን ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ፣ ራስሽን ለመጉዳት አስበሽ ታውቂያለሽ ወይ የሚል። ገጹ እዚያ ላይ አለቀ። ወረቀቱ ግን ሁለት ነበር። ሁለተኛውን አላነበብኩም። ከዚያ ወዲያ መስማት ፈርቼ እንደነበረ አጥፌ መለስኩት።

ምን ላድርግ? ሐኪም ጋ ልወስዳት እችል ነበር። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ልጠይቃት እችል ነበር። እኔ የማውቀው መንገድ ግን አንድ ነው። የቤተ ክርስቲያናችንን የጸሎት ሣጥን ታስታውሺ የለ? የጨነቀው ሰው ስሙን ሳይጽፍ ጭንቀቱን ጽፎ ይከታል፤ እሑድ ይነበባል፣ ጉባኤው ይጸልያል። እኔም ስም አልጻፍኩም። «ጠዋት መንቃት ለማትፈልግ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ጸልዩ» ብዬ ከተትኩ።

ሞኝነቴን ተመልከቺ። እኔ አሥራ አንድ ዓመት የቤተ ክርስቲያኒቱ ጸሐፊ ነኝ። ቃለ ጉባኤው በእጄ ነው፣ ማስታወቂያው በእጄ ነው፣ የጋብቻ ወረቀቱም በእጄ ነው። ወረቀቶቹን የሚያነበው ወንድም ሻንቆ ደግሞ የድሮ ተማሪዬ ነው፤ ጽሕፈቴን ከሰሌዳ ላይ ሲገለብጥ ያደገ። ወረቀቱን ከፈተና አየኝ። ዓይኑ እንባ ሞላ። «ወገኖቼ፣ ይህ የጸሐፊያችን የወንድም ኤልሳዕ ቤት ነው። ለልጃችን ለቤቴል እንነሣ!» አለ። በክፋት አይደለም፣ ከፍቅር ነው። ጉባኤው በሙሉ ተነሣ። ቤቴል ከፊት፣ መዘምራን ወንበር ላይ፣ ሰማያዊ ልብሷን ለብሳ ተቀምጣ ነበር። «ተሳስተሃል ወንድሜ፣ ሌላ ሰው ነው» ማለት እችል ነበር። እኔም ተነሥቼ አሜን አልኩ።

ቤት ስንገባ «ይህን የጻፍኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ማን ነገረህ? ሲስተሯ ናት ወይስ አክስቴ?» አለችኝ።

«አክስትሽ እኮ ስለምታስብልሽ ነው» አልኳት።

ትዕዛዝ፣ የዋሸሁ አልመሰለኝም ነበር፤ እውነት ግን አልተናገርኩም። የቀረውን እሷ ሞላችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ላንቺም ለሲስተሯም በሯን ዘጋች፤ የዘጋሁት ግን እኔ ነኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት ይኸው ነው።

በሳምንቱ ወረቀቶቹን ሁሉ ከጓሮ ቆሻሻ ጉድጓድ ጣለቻቸው። ወርጄ አነሣኋቸው። ሁለተኛውን ገጽ ያን ጊዜ አነበብኩት። እንዲህ ይላል፤ «ራሴን ለመጉዳት አላሰብኩም፣ ደክሞኝ ነው። ለአባዬ ልነግረው እፈልጋለሁ። አባዬ ደግ ነው። እንዴት እንደምጀምር ግን አላውቅም፣ ያግዙኝ።» ሲስተሯም እንዴት እንደምትጀምር እየመከረቻት ነበር።

ልጄ ወደ እኔ እየመጣች ነበር። መንገድ ላይ ያደናቀፍኳት እኔ ነኝ።

ስለ ጫማው የጻፍሽውን አንብቤ አለቀስኩ። እኔም ያኔ ጎን ለጎን ተኝቼ አልጠየቅኳትም።

ኤልሳዕ


ኡፕሳላ
ነሐሴ 20 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለጋሼ ኤልሳዕ

እግዚአብሔር ልብ ይስጠን፣ ለሁለታችንም።

ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ ልሰድብዎት ብዕር አንሥቼ ነበር፣ አልደብቅዎትም። ልጅቱ አምስት ወር ሙሉ ከዳተኛ አድርጋኝ ስትኖር እርስዎ ስለ ዝናብ ሲያወሩኝ! ከዚያ ጫማዬ ትዝ አለኝና ብዕሩን አስቀመጥኩ።

ለእኔ የጻፉትን ለእሷ ይንገሯት። በጸሎት ሣጥን አይሁን። ሽማግሌ አይላኩባት፣ ወንድም ሻንቆንም ይዘው አይግቡ። ብቻዎን ይንገሯት። ሲነግሯትም «ግን» አይበሉ። «ስለምወድሽ ነው» የሚለውንም ለሌላ ቀን ያቆዩት። ይቅር ካላለችዎት ዝም ብለው ይቀበሉ።

ሲስተር የማርያምወርቅ አንድ ነገር አደራ ብላለች። ራሷን ስለ መጉዳት አንዲት ቃል ከተናገረች ደብዳቤም ኢሜይልም አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይውሰዷት። ሌላውን ለእሷ ይተዉላት። ሲስተሯ ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ የቤቴልን መልእክት እየፈለገች ኢሜይሏን ትከፍታለች።

ስልኩን ገዝቼዋለሁ። እውነቱን ሳትሰማ ግን አልልከውም።

ትዕዛዝ


ወላይታ ሶዶ
ቅዳሜ መስከረም 11 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለእህቴ ለትዕዛዝ

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰሽ። የእኛው የወላይታ ዘመን መለወጫ ግፋታም ደርሷል፣ ሰፈሩ ቅርጫ ማስላት ጀምሯል። ቤትሽ ይሙላ፣ ብቻሽን አትሁኚ።

ደብዳቤሽ ሐሙስ ደረሰኝ። አርብ ከሰዓት በኋላ ቤቴል ከጓሮ እንሰቱ ሥር ተቀምጣ ነበር፤ ሄጄ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሰባ አራት ተማሪ ፊት ቃል አጥቼ የማላውቅ ሰው አፌ ደረቀ። «ወረቀትሽን ያነበብኩት እኔ ነኝ። ከመዝሙር ደብተርሽ አውጥቼ ነው። አክስትሽም ሲስተሯም አንዲት ቃል አልተናገሩም። ስትጠይቂኝ ደብቄሻለሁ፤ በደሉ የእኔ ነው» አልኳት። «ግን» ሁለት ጊዜ ምላሴ ጫፍ ላይ መጣች፤ ዋጥኳት።

አላለቀሰችም። አልጮኸችብኝም። የእንሰቱን ቅጠል በጣቷ ሰነጠቀች።

«ሁለተኛውንስ ገጽ?» አለችኝ።

«ያን ቀን አላነበብኩትም።»

«እዚያ ላይ ነበር እኮ» አለችና ገባች። እራት ከእኔ ጋር አልበላችም። አባት ሆኜ ከዚህ የከበደ ቃል ሰምቼ አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት ነጠላዋን አድርጋ በሩ ላይ ቆመች። «ይመኙሻል ቤት ልሄድ ነው። ከፈለግህ ውጭ መቀመጥ ትችላለህ» አለችኝ። ተከተልኳት። ይህን የምጽፍልሽ ከኢንተርኔት ቤቱ ደጃፍ አግዳሚ ላይ፣ በጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው። ጀርባዬን ለመስታወቱ ሰጥቻለሁ። ወንድም ሻንቆ በዚህ ሲያልፍ አይቶኝ «ቤቴል እንዴት ናት? ጉባኤው ይጠይቃል» አለኝ። «እሷን ራሷን ጠይቃት፤ ካልነገረችህም ተዋት» አልኩት። ደነገጠ፤ እኔም ደነገጥኩ።

ዳነች አልልሽም። ፊቷ እንደገረጣ ነው፣ ለእኔ ያላትን ስሜትም አላውቅም። ለሲስተሯ ምን እየጻፈች እንደሆነ አላውቅም፤ አልጠይቃትም። ዛሬ ምንም እንድትልኪልኝ አልፈልግም። ስልኩን ለእሷ ላኪላት፣ በእሷ ስም።

ቤቴል አሁን ወጣች። ኔትወርክ ጠፍቶባት ነው፤ የጻፈችው አልተላከም። «ሌላ ቀን እንመለስ ይሆን?» ብላት «አይ፣ ይመጣል፤ እንጠብቀው» አለችና አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ትንሽ ራቅ ብላ ነው የተቀመጠችው፤ ሆኖም እዚሁ ናት።

«ለማን ነው የምትጽፈው?» አለችኝ። ለአክስትሽ አልኳት። የምጽፍበትን ገጽ ወደ እሷ አዞርኩላትና ከላይ ጀምራ አነበበች። እዚህ ጋ ስትደርስ ቀና አለች።

«ሌላም ገጽ አለው?»

አለው አልኳት፤ የፊተኛውንም ገጽ ሰጠኋት።

ኤልሳዕ